አለን ዌክ 2፦ ደጋግማችሁ ለጠየቃችሁኝ ጥያቄዎች መልስ

አለን ዌክ 2 የተባለውን የቪዲዮ ጌም ከጨረስኩ ወዲህ ተመሳሳይ ጥያቄ ከየአቅጣጫው ይመጣልኛል። ግማሹ ጠያቂ የመጀመሪያውን ክፍል አብሮኝ የተጫወተ የድሮ ጓደኛ ነው። ግማሹ ደግሞ ስሙን ብቻ ሰምቶ "ልጀምረው ወይስ ይቅርብኝ?" የሚል ነው። ለእያንዳንዱ ለብቻ ከምመልስ አንድ ላይ ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ። የታሪኩን መጨረሻ አልነግራችሁም። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ከመሐል ትንሽ እነካለሁ፤ እዚያ ስደርስ አስቀድሜ አስጠነቅቃለሁ።

ለመሆኑ ታሪኩ ስለ ምንድን ነው?

አለን ዌክ ደራሲ ነው። የወንጀል ልብ ወለድ እየጻፈ ስም ያወጣ፣ ኋላ ግን ብዕሩ የነጠፈበት ሰው ነው። በመጀመሪያው ክፍል ከሚስቱ ከአሊስ ጋር ብራይት ፎልስ ወደምትባል ትንሽ ከተማ ለእረፍት ይሄዳል። በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት፣ በጫካና በተራራ መሐል ያለች የፈጠራ ከተማ ናት። እዚያ ካለው ሐይቅ ሥር አንድ የጨለማ ኃይል ይኖራል። ደራሲው የጻፈው ነገር እውነት መሆን ይጀምራል። በመጨረሻ ሚስቱን ለማዳን ብሎ ራሱ እዚያው ጨለማ ውስጥ ይቀራል።

ሁለተኛው የሚጀምረው ከዚያ 13 ዓመት በኋላ ነው። ሳጋ አንደርሰን የምትባል የኤፍቢአይ መርማሪ ከባልደረባዋ ከአሌክስ ኬሲ ጋር ወደ ብራይት ፎልስ ትመጣለች። ጫካው ውስጥ ሰው ተገድሎ፣ ልቡ ወጥቶ ተገኝቷል። ምርመራዋን እንደጀመረች በታይፕ የተመታ አንድ ገጽ ታገኛለች። ገጹ ስለ እሷ ነው የሚያወራው።

ከዚያ በኋላ ሁለት ገጸ ባሕርያትን እየተቀያየራችሁ ነው የምትጫወቱት። ሳጋን በገሃዱ ዓለም፣ አለንን በጨለማው ስፍራ።

ማን ሠራው? ለምንስ ይህን ያህል ቆየ?

የሠራው ሬሜዲ ነው፤ ፊንላንድ፣ ኤስፖ ከተማ ያለ ኩባንያ። ማክስ ፔይን የተባለውን ጌም በፈረንጆቹ 2001 ያወጡት እነሱ ናቸው (ከዚህ በኋላ ዓ.ም. ያላልኩበት ዓመት ሁሉ የፈረንጆቹ ነው)። የዚህኛው ዳይሬክተሮች ሳም ሌክ እና ካይል ሮውሊ ናቸው። ወደ ገበያ የወጣው ጥቅምት 16 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 27፣ 2023።

የመጀመሪያው ለኤክስቦክስ 360 በ2010 ወጣ፣ ለኮምፒውተር ደግሞ በ2012። ሠሪዎቹ ወዲያው ተከታይ ሊሠሩለት ፈልገው ነበር፤ ገንዘብ የሚያወጣለት አልተገኘም። ወደ ሌሎች ሥራዎች ሄዱ። በ2019 የማሳተም መብቱ ከማይክሮሶፍት ወደ እነሱ ተመለሰ። በ2021 የመጀመሪያው ታድሶ ወጣ። ኤፒክ ጌምስ የተባለው ኩባንያ ወጪውን ሸፈነ፣ ሁለተኛው ተሠራ።

እኔ የመጀመሪያውን የተጫወትኩት በ2004 ዓ.ም. ክረምት፣ ጓደኛዬ ቤት ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበርን። አንድ ኮምፒውተር ለሦስት ነበር፤ የሞተ ይነሳል፣ ቀጣዩ ይቀመጣል። መጨረሻው ላይ አለን አንድ ዓረፍተ ነገር ይናገራል። ሐይቅ አይደለም፣ ውቅያኖስ ነው ይላል። ያቺን ዓረፍተ ነገር ሦስታችንም ለዓመታት ስንተረጉማት ኖረናል። መልስ ግን አልመጣም።

ይህ ጌም ውስጤን የነካው እዚህ ጋ ነው። ሠሪዎቹ ያለፉትን 13 ዓመታት እንዳልነበሩ አላደረጉም። ታሪኩን ካቆመበት ማግስት ጀምረው፣ ሰውየውንም ያኔ እንደነበረው አድርገው ሊያመጡት ይችሉ ነበር። ያደረጉት ሌላ ነው። እኛ 13 ዓመት ስንጠብቅ እሱም 13 ዓመት ጨለማ ውስጥ ነበር። ፂሙ አድጓል፣ ዓይኑ ሰርጉዷል፣ የጻፈውንና ያልጻፈውን መለየት አቅቶታል። መጀመሪያ ሳየው የድሮ ጓደኛዬን ከብዙ ዓመት እስር በኋላ በር ላይ ያገኘሁት ያህል ነው የተሰማኝ።

የመጀመሪያውን ሳልጫወት ሁለተኛውን ብጀምር ይገባኛል?

ይገባችኋል። ሳጋ እንደ እናንተው ለነገሩ አዲስ ናት፤ እሷ ስታውቅ አብራችሁ ታውቃላችሁ። ግን ጊዜ ካላችሁ የታደሰውን የመጀመሪያ ክፍል ተጫወቱ። ረጅም አይደለም፣ ዋጋውም ቀላል ነው። ከዚያ በኋላ ሳጋ ካፌ ገብታ አንዲት አስተናጋጅ ስታገኝ፣ ያቺን ሴት ከ13 ዓመት በፊት ታውቋት እንደነበር ትዝ ይላችኋል። ያ ትውውቅ ለብቻው ደስታ አለው።

ኮንትሮል የተባለውን የ2019 ጌማቸውን የተጫወተ ደግሞ አህቲን ያገኘዋል። አህቲ መወልወያና ባልዲ የያዘ ፊንላንዳዊ የጽዳት ሠራተኛ ነው። ከዚህ በላይ ስለ እሱ ምንም አልልም።

እውነት ያን ያህል ያስፈራል?

ያስፈራል። ፍርሃቱ ግን ሁለት ዓይነት ስለሆነ ለያይቼ ልናገር።

አንደኛው ድንገተኛው ነው። ስክሪኑን ሞልቶ የሚጮህ ፊት ብቅ ይልና ይጠፋል። ይህኛው ያስደነግጣል እንጂ አያስፈራም። በዝቷል ብዬም አምናለሁ። በኋላ በወጣው አፕዴት ድምፁንም ምስሉንም መቀነሻ ተጨምሯል። ድንጉጥ የሆነ ሰው ገና ሳይጀምር ይቀንሰው።

እንቅልፍ የሚነሳው ሁለተኛው ነው። አለን የተያዘበት ጨለማ ስፍራ ኒው ዮርክን ይመስላል። ሁልጊዜ ሌሊት ነው። አስፋልቱ እርጥብ ነው፣ የሱቅ መብራት ይበራል፣ ሰው ግን የለም። በየጥጉ ጥላዎች ቆመዋል። የሰው ቅርጽ አላቸው፣ ፊት የላቸውም። ስታልፉ ስሙን ያንሾካሹካሉ። "ዌክ... አለን ዌክ..." አብዛኞቹ ምንም አያደርጉም፤ ብርሃን ሲነካቸው እንደ ጭስ ይበተናሉ። አንዳንዶቹ ግን ይዞራሉ። የትኛው እንደሚዞር አታውቁም። ሁሉም ላይ ባትሪ እንዳታበሩ ድንጋዩ ያልቃል። ዝም ብላችሁ እንዳታልፉ ከኋላ ይመጣባችኋል። እናም በአንድ ጠባብ መንገድ፣ በአምስት በስድስት ጥላ መሐል ትንፋሻችሁን ይዛችሁ ታልፋላችሁ።

አንድ ሌሊት እንዲህ እያለፍኩ ሳለ መብራት ሄደ። ስክሪኑ ጠፋ፣ ሄድፎኑ ጭጭ አለ። ቤቱ ድቅድቅ ጨለማ ሆነ። ለአንድ ደቂቃ ያህል ከተቀመጥኩበት አልተነቃነቅኩም። ከዚያ ስልኬን ፈልጌ መብራቱን አበራሁና ወደ በሩ አዞርኩት። መቆጣጠሪያው ላይ ሳደርግ የነበረውን ነው በእጄ ያደረግኩት። በእኛ አነጋገር መብራት ይሄዳል፣ መብራት ይመጣል፤ እንደ ሰው። ይህ ጌምም መብራትን የሚያየው እንደዚያ ነው። የሚመጣና የሚሄድ፣ የሚጠበቅ ነገር አድርጎ።

ከመጀመሪያው በምን ይለያል?

የመጀመሪያው በብዛት ተኩስ ነበር። ጥይት አይጠፋም፤ የእጅ ባትሪውም ትንሽ ቆይቶ ራሱ ይሞላ ነበር። እየሮጥክ፣ እያበራህ፣ እየተኮስክ ትሄዳለህ። አስፈሪ ድባብ ነበረው፣ ጌሙ ራሱ ግን የድርጊት ጌም ነበር።

ሁለተኛው ትክክለኛ ሰርቫይቫል ሆረር ነው፤ ባለችህ ጥቂት ዕቃ ከሞት ለመትረፍ የምትታገልበት አስፈሪ ጌም። ሁሉም ነገር በቁጥር ነው። መርሁ አልተቀየረም፤ ጠላት በጨለማ ተሸፍኖ ይመጣል፣ ሽፋኑ በብርሃን ካልተገፈፈ ጥይት አይበሳውም። ግን አሁን ጠንከር ያለውን ብርሃን በለቀቃችሁ ቁጥር ከድንጋዩ ላይ አንድ ክፍያ ይቀንሳል። ሦስት ሰው ከጫካ ሲመጣባችሁ ሒሳብ ነው የምትሠሩት። ሁለት ብርሃን አለኝ፣ አራት ጥይት አለኝ፣ መሮጥ ይሻላል ወይ? እኔ ብዙ ጊዜ ሮጫለሁ። መሮጥ እዚህ ነውር አይደለም።

ቦርሳው በካሬ የተከፋፈለ ነው፤ ሬዚደንት ኢቭል የተባለውን አስፈሪ ጌም የተጫወተ ወዲያው ይለምደዋል። ሾትጋን ብዙ ካሬ ይይዛል፤ መድኃኒት ወይም ጥይት ልትጥሉ ነው። የተረፈውን የምታስቀምጡት ማረፊያ ክፍሎች ውስጥ ባለ የጫማ ካርቶን ነው።

እዚያው ማረፊያ ክፍል ውስጥ ፔርሙዝ አለ። ሴቭ የሚደረገው በእሱ ነው። ሳጋ ቡና ትቀዳለች፣ ጌሙ ይመዘገባል። በመጀመሪያው ክፍል ፔርሙዞቹ በየጫካው ተበትነው የሚለቀሙ ነገሮች ነበሩ፤ 100 ነበሩ፣ ለቅመናቸዋል። አሁን ያው ፔርሙዝ የምትተነፍሱበት ቦታ ምልክት ሆኗል። ከውጭ ጩኸቱ ይቆማል፣ አምፖሉ ሞቅ ያለ ነው፣ የቡናው ድምፅ ይሰማል። ያለ ቡና ቀኑ ለማይጀምርለት ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም።

ሳጋ ትሻላለች ወይስ አለን?

በዚህ ከጓደኞቼ ጋር አልተስማማንም። እኔ ሳጋ ነኝ።

ሳጋ በአእምሮዋ ውስጥ አንድ ክፍል አላት። አንድ ቁልፍ ስትጫኑ እዚያ ትገባለች። ግድግዳው ላይ የምርመራ ሰሌዳ አለ፤ ያገኛችሁትን ፎቶና ማስረጃ እየለጠፋችሁ ነገሩን ከነገሩ ጋር ታያይዛላችሁ። ልብ በሉ፣ ክፍሉ ውስጥ ሳላችሁ ውጭው አይቆምም። ጠላት እየመጣ ከሆነ ይመጣል።

የአለን ደግሞ የጸሐፊ ክፍል ነው። እሱ ማስረጃ ሳይሆን ትዕይንት ነው የሚለጥፈው። የተዘጋ የምድር ባቡር ጣቢያ ውስጥ ቆማችሁ "እዚህ ነፍሰ ገዳዮች ነበሩ" የሚለውን ሐሳብ ስትመርጡ፣ ዓይናችሁ እያየ ቦታው ይቀየራል። ግድግዳው ሌላ ይሆናል፣ ተዘግቶ የነበረው መተላለፊያ ይከፈታል። ሐሳቡን ስትቀይሩት እንደገና ሌላ። ይህን መጀመሪያ ሳየው አሥር ጊዜ ወዲያና ወዲህ ቀያይሬዋለሁ። ስለ መጻፍ የተሠራ ጌም ከዚህ የተሻለ መንገድ ያገኛል ብዬ አላስብም።

ቢሆንም ሳጋ። ምክንያቱን ለመናገር ከታሪኩ መንካት አለብኝ። ሳታውቁ መጫወት የምትፈልጉ ወደሚቀጥለው ጥያቄ እለፉ።

ሳጋ ሎገን የምትባል ልጅ አለቻት። ቤት ትታት ነው ለሥራ የመጣችው። ዋተሪ ወደምትባለው መንደር ስትሄድ ሰዎቹ ያውቋታል። ኖራበት በማታውቀው ቦታ "እንኳን ወደ ቤትሽ ተመለስሽ" ይሏታል። ከዚያ አንዱ ስለ ልጅሽ አዝናለሁ ይላታል። ሰምጣ እንደሞተች ነው የሚያውቁት። ሳጋ ልጇን በስልክ ያነጋገረች ሴት ናት። ታርማቸዋለች፣ እነሱ በሐዘን ያዩዋታል። ማንም አይጮህባትም፣ ማንም አያስፈራራትም። አሁን የልጅ ወላጅ ነኝ። እዚያ ጋ ስደርስ ጌሙን አቁሜ ወደ መኝታ ክፍል ሄድኩ፣ ልጄ ስትተነፍስ ትንሽ አዳመጥኩና ተመለስኩ። በ2004 ዓ.ም. ብጫወተው ያ ትዕይንት ዝም ብሎ ያልፈኝ ነበር።

ዋተሪ ለምንድን ነው ሁሉም የሚያወራላት?

የፊንላንድ ስደተኞች የመሠረቷት መንደር ሆና ስለተሠራች ነው። ሠሪዎቹ የአገራቸውን ሰው እዚያ አስገብተውታል፤ ከነቋንቋው፣ ከነሳውናው፣ ከነካራኦኬው። በየቦታው ያሉ ቴሌቪዥኖች ላይ ኢልሞና ያኮ ኮስኬላ የሚባሉ ወንድማማቾች ማስታወቂያ ይሠራሉ። የቡና መዝናኛ ፓርካቸውን፣ ቢራቸውን፣ ያገኙትን ሁሉ ያስተዋውቃሉ። ሁለቱንም የሚጫወታቸው አንድ ተዋናይ ነው፤ ፒተር ፍራንዜን። ማስታወቂያዎቹ በእውነተኛ ካሜራ የተቀረጹ ናቸው፤ አንዳቸውንም ሳታዩ አትለፉ።

ስለ ሙዚቃው ምዕራፍ የሚወራው እውነት ነው?

እውነት ነው። አስፈሪ ጌም መሐል ላይ ሁሉም ነገር ወደ ሮክ ሙዚቃዊ ትርዒት ይለወጣል። የአለን ሕይወት ከልደቱ ጀምሮ በዘፈን ይነገራል፤ እናንተ በትልልቅ ስክሪኖች መሐል እየተኮሳችሁ ታልፋላችሁ። ባንዱ በጌሙ ስሙ ኦልድ ጎድስ ኦፍ አስጋርድ ነው፤ ከጀርባ ያሉት ፖየትስ ኦፍ ዘ ፎል የተባሉ ፊንላንዳውያን ናቸው። በ2023ቱ ጌም አዋርድስ መድረክ ላይም አቅርበውታል። በዚያው ምሽት ጌሙ በዳይሬክቲንግ፣ በትረካና በሥነ ጥበብ ሦስት ሽልማት ወስዷል። ቮልዩሙን ከፍ አድርጉ።

የአሌክስ ኬሲ ድምፅ የማን ነው? የት ነው የማውቀው?

የጄምስ ማካፍሪ ነው። የማክስ ፔይን ድምፅ እሱ ነበር፤ የምታውቁት ከዚያ ነው። ፊቱ ደግሞ የሳም ሌክ ነው። በ2001 ማክስ ፔይን ሲወጣም ፊቱ ሳም ሌክ፣ ድምፁ ማካፍሪ ነበር። ከ22 ዓመት በኋላ ሁለቱ በአንድ ሰው ውስጥ እንደገና ተገናኙ። ያ የደከመ፣ ሸካራ ድምፅ ከመኪናው ውስጥ "አንደርሰን" ብሎ ሲጠራ ልጅነቴ ነው የመጣብኝ።

ማካፍሪ ጌሙ በወጣ በሁለት ወር ውስጥ፣ ዲሴምበር 17፣ 2023 አረፈ። ነፍሱን ይማር።

ድክመት የለውም ወይ?

አለው። የሚጮሁትን ፊቶች ተናግሬያለሁ። የሳጋ ሰሌዳ ሐሳቡ ግሩም ነው፤ ግን ነገሩ ለእናንተ ከገባችሁ በኋላም ጌሙ ወረቀቱን አንድ በአንድ እስክትለጥፉ ይጠብቃችኋል። አንዳንዴ መዝጊያ አጠገብ ቆማችሁ የቢሮ ሥራ የምትሠሩ ይመስላል። ከትልልቆቹ ጠላቶች ጋር ያለው ውጊያ በጠባብ ቦታ ሲሆን ካሜራው ያስቸግራል፤ መሸሽ ስትፈልጉ ዛፍ ላይ ትለጠፋላችሁ። መጨረሻውም አይዘጋም፤ ሌላ ጥያቄ ከፍቶ ነው የሚሄደው። እኔን አላስከፋኝም። የመጀመሪያውን አብሮኝ የጨረሰው ጓደኛዬ ግን እስካሁን ቅር እንዳለው ነው፤ አልፈርድበትም።

በምን ይሠራል? ዲስክ አለው?

በፕሌይስቴሽን 5፣ በኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስና ኤስ፣ በኮምፒውተር። በፕሌይስቴሽን 4 አይሠራም፤ ይህን ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ ነው የምጽፈው። ሲወጣ ለኮምፒውተር ቢያንስ አርቲኤክስ 2060 ወይም አርኤክስ 6600 የግራፊክስ ካርድ፣ 16 ጊጋባይት ራም እና 90 ጊጋባይት ባዶ ቦታ ያለው ኤስኤስዲ ይፈልግ ነበር። የኮምፒውተሩ የሚሸጠውም በኤፒክ የኢንተርኔት መደብር ብቻ ነው።

ሲወጣ ዲስክ አልነበረውም። ዋጋውን ለመቀነስ ነው ብለው ነበር፤ ለኮንሶል 59.99 ዶላር፣ ለኮምፒውተር 49.99 ዶላር አድርገውታል። እዚህ ላለነው ግን ነገሩ ሌላ ነው። የውጭ የባንክ ካርድ የሌለው ሰው መግዛቱ ራሱ ፈተና ነው። እኔ ውጭ ያለ ወንድሜ ነው የገዛልኝ፤ ከዚያ ማውረዱ አራት ሌሊት ፈጀ። ጠዋት ተነስቼ በመቶኛው ላይ ስንት ደረሰ ብዬ ነበር የማየው። ኦክቶበር 22፣ 2024 ለሁለቱም ኮንሶሎች ባለ ዲስኩ ወጥቷል። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ያለው ያንን ያስመጣ።

ለልጆች ይሆናል?

አይሆንም። አውሮፓ ላይ ከ18 በላይ ተብሎ ነው የወጣው፤ ደምና የተቆረጠ አካል በቅርበት ይታያል። ቤት ውስጥ ልጅ ካለ ሲተኛ ተጫወቱት፣ ሄድፎን አድርጉ።

እንግሊዝኛው ይከብዳል?

የሚነበብ ብዙ ነው። በታይፕ የተመቱት ገጾች፣ ደብዳቤዎች፣ የፖሊስ ሪፖርቶች አሉ። ሰብታይትሉን አብሩት፣ ገጾቹንም አትዝለሉ። አንዳንዱ ገጽ ገና ሊደርስባችሁ ያለውን ነው የሚነግራችሁ። አንብባችሁ በሩን መክፈት ያኔ ነው የሚከብደው።

ውጊያው ቢከብደኝስ? ታሪኩን ብቻ ነው የምፈልገው።

ስቶሪ የሚባለውን ቀላል ደረጃ ምረጡ። ከ2024ቱ የኦክቶበር አፕዴት ወዲህ ደግሞ የማያልቅ ጥይት፣ የማያልቅ የባትሪ ድንጋይ፣ አለመሞትም ጭምር ከሴቲንግ ማብራት ይቻላል። ባለቤቴ በዚህ መንገድ ነው የጨረሰችው፤ ታሪኩን ከእኔ በላይ ነው የምታውቀው። እኔ በመካከለኛው ደረጃ፣ ጥጋጥጉን እየፈተሽኩ 24 ሰዓት ያህል ፈጀብኝ።

ተጨማሪ ክፍሎቹ ይገዛሉ?

ሁለት ናቸው፤ ሁለቱም በ2024 ወጡ። ናይት ስፕሪንግስ ሦስት አጫጭር ታሪኮች ናቸው፤ ቀለል ያሉ፣ የሚያዝናኑ። ሌክ ሃውስ ግን ከዋናው የባሰ አስፈሪ ነው። ሐይቁ ዳር ባለ የምርምር ጣቢያ ውስጥ ነው፤ ከግድግዳ ላይ ከቀለም የሚወጣ ነገር አለ። አንዱን ብቻ የምትገዙ ከሆነ ሌክ ሃውስን ግዙ።

ሁለተኛ ጊዜ መጫወት ምን ይጨምራል?

ከወጣ በሁለት ወር ውስጥ ፋይናል ድራፍት የሚባል በነጻ ተጨምሯል። ዋናውን ከጨረሳችሁ በኋላ መሣሪያችሁን ይዛችሁ ከመጀመሪያ ትጀምራላችሁ። ታሪኩ ግን ያው አይደለም። አዳዲስ ገጾች አሉ፣ አንዳንድ ንግግር ተቀይሯል፣ መጨረሻውም ከበፊቱ አንድ እርምጃ ይሄዳል። ደራሲው የጻፈውን እያረመ እንደሆነ ይገባችኋል። ናይትሜር የሚባለው ከባድ ደረጃም አብሮ መጥቷል።

እኔ አሁን እሱ ላይ ነኝ። ከዚያ ከ2004 ዓ.ም. ክረምት ጓደኞቼ አንዱ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል። ልጅ ካስተኛን በኋላ ቡና ተፈልቶ፣ የሞተ ይነሳል፣ ቀጣዩ ይቀመጣል። ባለፈው ቅዳሜ ዋተሪ ደርሰን፣ ሁለት የባትሪ ድንጋይ ብቻ ቀርቶን ነው ያቆምነው።